ጣራ ሥር የቀረው ዋጋ፦ ከሌቪታውን ሰገነት እስከ አዲስ አበባ ቆጥ

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1947 መጀመሪያ፣ ከኒው ዮርክ ከተማ በስተምሥራቅ በሚገኘው ሎንግ አይላንድ፣ ቀድሞ ድንች ይመረትበት በነበረ ሜዳ ላይ የመጀመሪያዎቹ ቤተሰቦች ወደ አዲስ ሰፈር ገቡ። ሰፈሩ ብዙም ሳይቆይ በገንቢዎቹ ስም ሌቪታውን ተባለ። ቤቶቹ ጠባብና አንድ ዓይነት ነበሩ፤ ሁለት መኝታ ክፍል፣ ሳሎን፣ ወጥ ቤትና አንድ መታጠቢያ። ምድር ቤት አልተቆፈረላቸውም፤ በቀጥታ በኮንክሪት ወለል ላይ ቆመዋል። በእያንዳንዱ ቤት ውስጥ ግን ወደ ላይ የሚወጣ ደረጃ ነበር። ደረጃው የሚያደርሰው ጣራው ሥር ወዳለ ባዶ ቦታ ነው፤ ግድግዳው ያልተለበጠ፣ ኮርኒስ የሌለው፣ የጣራው እንጨት አግጦ የሚታይ።

ይህ ጉድለት የታሰበበት ነበር። ዊልያም ሌቪትና ወንድሙ አልፍሬድ ቤቱን ከጦርነት የተመለሰ ወታደር በሚችለው ዋጋ ለማቅረብ ሲሉ የግንባታውን ሥራ በጥቃቅን እርከኖች ከፋፍለው እያንዳንዱን እርከን ለአንድ ቡድን ሰጡ፤ አንዱ ቡድን ወለል ያፈሳል፣ ሌላው ግድግዳ ያቆማል፣ ሦስተኛው ቀለም ይቀባል። የመጨረሻው ቡድን የቤቱ ነዋሪ ራሱ ነበር። ቤተሰብ ሲበዛ አባወራው ቅዳሜና እሑድ መዶሻውን ይዞ ወደ ሰገነቱ ይወጣል፤ በወራጆቹ መካከል ሙቀት መከላከያ ይሞላል፣ የጂፕሰም ሰሌዳ ይመታል፣ ጣራውን ቀዶ መስኮት ያወጣል፤ ሁለት መኝታ የነበረው ቤት አራት መኝታ ይሆናል። ኩባንያው በ1949 ለሽያጭ ያቀረበው ራንች የተባለው ሞዴል 7,990 ዶላር ነበር። ሰፈሩ ተሠርቶ ሲያልቅ 17,447 ቤቶች ነበሩት። ዛሬ ከእነዚህ ውስጥ ሳይነካ፣ ሳይቀጠል፣ ሳይለወጥ የቀረ ቤት ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ የሽያጭ ዋጋቸውም ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው።

ይህ ታሪክ በአሜሪካ ሲተረክ የጉልበትና የትጋት ታሪክ ሆኖ ይቀርባል። አንድ ሰው በእጁ ሠራ፣ ቤቱ ዋጋ ጨመረ፣ ልጆቹን አስተማረበት። ትረካው ሐሰት አይደለም፤ ግን ግማሽ ነው። በዚያው ዘመንና ከዚያ በኋላ፣ በሌሎች ቦታዎች፣ ሌሎች ሰዎችም ጣራቸው ሥር ወጥተው በተመሳሳይ መዶሻ ተመሳሳይ ምስማር መትተዋል። የእነርሱ ሥራ ገንዘብ አልሆነም። ልዩነቱ ከመዶሻው ቀድሞ በወጣ ሕግ ውስጥ ነው።

ሕጉ የሚጀምረው ከሌቪታውን 13 ዓመት በፊት ነው። የፕሬዝዳንት ሩዝቬልት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በሰኔ 1934 ባስወጣው ብሔራዊ የቤቶች ሕግ የመጀመሪያው ክፍል፣ ለቤት መግዣ ሳይሆን ለቤት ማደሻ የሚሆን ብድር ላይ ያተኮረ ነበር። ባንኮች ለቤት እድሳት እስከ 2,000 ዶላር ሲያበድሩ፣ አዲስ የተቋቋመው የፌዴራል ቤቶች አስተዳደር ካበደሩት ጠቅላላ ገንዘብ እስከ 20 በመቶ የሚደርሰውን ኪሣራ እንዲሸፍንላቸው ተደረገ። ዓላማው በታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ሥራ ፈቶ የተቀመጠውን አናጢ፣ ግንበኛና የቧንቧ ሠራተኛ ወደ ሥራ መመለስ ነበር። ውጤቱ ግን ከዚያ አለፈ። ጣራ መቀየር ወይም ማድ ቤት ማደስ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ባንክ ቁጭ ብሎ የሚያሰላው፣ መንግሥት ዋስ የሚሆንበት ጉዳይ ሆነ። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ የ1944ቱ የተመላሽ ወታደሮች ሕግ ያለ ቅድመ ክፍያ ቤት መግዛት የሚያስችል ዋስትና ጨመረበት። ስለዚህ የሌቪታውኑ ሰው ሰገነቱን ጨርሶ ቤቱን ለመሸጥ ሲወስን፣ በበሩ ላይ የሚቆመው ገዢ የባንክ ብድር በእጁ ያለው ገዢ ነበር። ይህ ገዢ ባይኖር ኖሮ ሰገነቱ ጥሩ መኝታ ቤት ሆኖ ይቀር ነበር እንጂ ሀብት አይሆንም።

የመሣሪያው ገበያም ተከተለ። ብላክ ኤንድ ዴከር እ.ኤ.አ. በ1946 ለተራ የቤት ባለቤት የታሰበ የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ለገበያ አቀረበ። በ1950ዎቹ ለሌቪት ቤቶች ባለቤቶች ብቻ የሚታተም የማሻሻያ ሐሳቦች መጽሔት ነበር። ታይም መጽሔትም በነሐሴ 1954 ‹ራስህ ሥራው› የሚባለውን ዝንባሌ የፊት ገጹ ርዕሰ ጉዳይ አደረገው።

እዚህ ላይ በግንባታ ሠፈር ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን አንድ የሒሳብ ክፍፍል ማስታወስ ይጠቅማል፤ የዕቃ ዋጋ እና የእጅ ዋጋ። ሪሞዴሊንግ የተሰኘው የሙያ መጽሔት ከ1988 ጀምሮ ባወጣቸው የወጪና የዋጋ ንጽጽሮች ውስጥ በተደጋጋሚ የሚታየው፣ በኮንትራክተር የሚሠሩ አብዛኞቹ የቤት ማሻሻያዎች ቤቱ ሲሸጥ ወጪያቸውን ሙሉ በሙሉ እንደማይመልሱ ነው። በተለይ ውድ የሆኑት ትላልቅ ሥራዎች፣ እንደ ቅንጡ መኝታ ቤት ቅጥያ ያሉት፣ ከዝርዝሩ ግርጌ ይገኛሉ። ከላይ የሚቀመጡት ከመንገድ የሚታዩት ናቸው፤ የጋራዥ በር፣ የመግቢያ በር፣ የፊት ግድግዳ ልባጥ። እንግዲህ በቤት ማደስ የሚያተርፍ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያተርፈው የእጅ ዋጋውን ለሌላ ስላልከፈለ ነው። ያልተከፈለ ደመወዙን ግድግዳው ውስጥ አስቀምጦ በሽያጩ ቀን ያወጣዋል።

የግብር ሕጉ ይህን ያልተከፈለ ደመወዝ የሚያስተናግድበት መንገድ የተለየ ነው። የአሜሪካ ገቢ ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት የቤት ማሻሻያ ወጪን በቤቱ መነሻ ዋጋ ላይ እንዲደመር ይፈቅዳል፤ ጣውላውና ምስማሩ ይደመራሉ። የባለቤቱ የራሱ ጉልበት ግን አይደመርም። በወረቀት ላይ የሁለት ዓመት ቅዳሜና እሑድ ዜሮ ነው። ነገር ግን በ1951 የወጣው ሕግ፣ ቤቱን ሸጦ በዚያው ወይም በበለጠ ዋጋ ሌላ ቤት የገዛ ሰው በትርፉ ላይ የሚከፈለውን ግብር እንዲያዘገይ ፈቀደ፤ የ1997ቱ ሕግ ደግሞ በቤቱ ለኖረበት ባለቤት እስከ 250,000 ዶላር፣ ለባልና ሚስት እስከ 500,000 ዶላር ያለውን ትርፍ ከግብር ነፃ አደረገው። ፋብሪካ ውስጥ የሠራበት ሰዓት ግብር ይከፈልበታል፤ ሰገነቱ ላይ የሠራበት ሰዓት በዚህ መንገድ ሳይከፈልበት ያልፋል። በጉልበት ላይ ከተሰጡ ስጦታዎች ሁሉ ይህ ከትልልቆቹ አንዱ ነው ማለት ይቻላል፤ የሚደርሰው ግን ቤት ላለው ብቻ ነው።

ቤት ማን ሊኖረው ይችል ነበር? የሌቪታውን የመጀመሪያ የኪራይ ውል ከነጭ ዘር ውጪ የሆነ ሰው፣ የቤት ሠራተኛ ካልሆነ በቀር፣ በቤቱ እንዳይኖር በጽሑፍ ይከለክል ነበር። ይህ የአንድ ነጋዴ ጥላቻ ብቻ አልነበረም፤ የፌዴራል ቤቶች አስተዳደር የራሱ የግምት መመሪያ እንዲህ ያለውን ገደብ ያበረታታ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በግንቦት 1948 ፍርድ ቤቶች እነዚህን ገደቦች ማስፈጸም እንደማይችሉ ከወሰነ በኋላም ልማዱ ቀጠለ። በነሐሴ 1957 የማየርስ ቤተሰብ የመጀመሪያው ጥቁር ቤተሰብ ሆኖ በፔንሲልቬንያ ወደተሠራው ሌላው ሌቪታውን ሲገባ፣ ቤቱን ሕዝብ ከብቦ በድንጋይ መስኮት ሰበረ።

በዚያው ዘመን በቺካጎ፣ በኖርዝ ላውንዴል ሰፈር፣ ባንክ የማያበድራቸው ጥቁር ቤተሰቦች ቤት የሚገዙት በክፍያ ውል ነበር። ሻጩ ቤቱን ከገበያው ዋጋ እጅግ ከፍ አድርጎ ይሸጣል፤ የባለቤትነት ሰነዱ ግን የመጨረሻው ክፍያ እስኪፈጸም ድረስ በእርሱ እጅ ይቆያል። አንድ ወር ያልከፈለ ገዢ ቤቱን፣ የከፈለውን ሁሉና ያደሰውን ሁሉ ያጣል። ቤቶቹ ብዙውን ጊዜ ያረጁ ስለነበሩ የመጠገኑ ግዴታ በገዢው ላይ ነበር፤ ማሞቂያውን ቀየረ፣ ደረጃውን አበጀ፣ ከተባረረም ሻጩ የታደሰውን ቤት ለሚቀጥለው ሰው ሸጠው። ነዋሪዎቹ በ1968 የውል ገዢዎች ማኅበር አቋቁመው ክፍያ እስከ ማቆም ታገሉ። የላውንዴሉ አባወራ ከሌቪታውኑ ያነሰ አልሠራም። ምናልባትም የበለጠ ሠርቷል።

ከእነዚህ ሕጎች የተረፈውን ሥርዓት ዛሬ በቅርብ ከሚያውቁት መካከል ከኢትዮጵያ የመጡ የቤት ባለቤቶች ይገኙበታል። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ፣ የሌቪታውንን ሰገነት የሚተካው ቤዝመንቱ ነው። ገዢው ቤዝመንቱን ራሱ ይጨርሳል፣ ወይም ሙያ ካለው የአገር ልጅ ጋር ይሠራዋል፤ አዲስ ለመጣ ሰው ያከራየዋል፤ ኪራዩ የባንኩን ዕዳ ያግዛል። እንደ ቤተሰብ ስልት ብልህነት ነው። እንደ ሽያጭ ዋጋ ግን ወሰን አለው። ፋኒ ሜይ ከሚያዝያ 2022 ጀምሮ ባስገደደው የልኬት ደረጃ መሠረት፣ ከመሬት በታች ያለ ወለል ምንም ያህል ቢያምር ከላይኛው የመኖሪያ ስፋት ጋር አይደመርም፤ ለብቻው ተመዝግቦ ለብቻው ይገመታል። እሳት ቢነሣ ሰው የሚወጣበት መስኮት የሌለው ክፍል ደግሞ መኝታ ቤት ተብሎ ሊሸጥ አይገባም። ያለ ፈቃድ የተሠራ ሥራ በሽያጩ ሰሞን በመርማሪው ዓይን ይወድቃል። ያም ሆኖ የሚያከራክረው መጠኑ ነው፤ ቤዝመንቱ ስንት ይገመታል ነው ጥያቄው። ባለቤቱ የመሸጥ መብት እንዳለው ግን ማንም አይጠይቀውም።

ይህን ጥያቄ ጠይቆ ‹የለህም› የሚል መልስ የሰጠው አዋጅ የወጣው በአዲስ አበባ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታን በሙሉ የመንግሥት አደረገ፤ ለአንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ ያለውንም ትርፍ ቤት ብሎ ወረሰ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጠው ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። ግለሰብ ቤት አከራይቶ ገቢ ማግኘቱም ተከለከለ።

አዋጁ የመጣበትን ቁስል መካድ አይገባም። የከተማዋ መሬት በጥቂት ባለርስቶች እጅ ነበር፤ ብዙኃኑ ነዋሪ ተከራይ ነበር። ኪራይ በአንድ ጀምበር ሲቀንስ፣ ነገ ውጣ የሚል የቤት ጌታ ሲጠፋ፣ ለብዙ ሺህ ቤተሰቦች እፎይታ ነበር። ችግሩ የመጣው ቀስ ብሎ፣ በክረምት በክረምቱ ነው።

የቀበሌ ቤቶች በብዛት የጭቃ ቤቶች ናቸው። የጭቃ ቤት እንክብካቤ የሚሻ ቤት ነው፤ ምርጊቱ በየጊዜው ይደገማል፣ ልስኑ ይታደሳል፣ ቆርቆሮው ሲዝግ ይለወጣል፣ ከሥሩ በእርጥበትና በምስጥ የተበላው ቋሚ በአዲስ ባሕር ዛፍ ይተካል። ይህ ከተደረገለት ትውልድ ይሻገራል፤ ካልተደረገለት ያጋድላል። ቀበሌው የሚሰበስበው የጥቂት ብር ኪራይ ለዚህ አይበቃም ነበር። ተከራዩ ደግሞ ለመጠገን ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ጠግኖም ቢሆን ቤቱ የእርሱ አይደለም። በራሳቸው ቤት የቀሩትም ቢሆኑ ክፍል ቢቀጥሉ ማከራየት ስለማይችሉ፣ ደባል ማስገባት በድብቅ የሚደረግ ነገር ሆነ። ባለቤቱም ተከራዩም፣ በተለያየ ምክንያት፣ ግድግዳ ላይ ገንዘብ የማፍሰስ ምክንያታቸውን አጡ።

ሰው ግን ይወልዳል፤ ልጅ ያድጋል። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ለሚኖር ቤተሰብ የቀረው ባዶ ቦታ፣ እንደ ሌቪታውኑ ሁሉ፣ ጣራው ሥር ያለው ነው። ቆጥ ተሠራ። ባሕር ዛፍ ከግድግዳ ግድግዳ ይጋደማል፣ ጣውላ ይነጠፍበታል፣ መሰላል ይደገፋል፤ ልጆቹ ከላይ፣ ወላጆቻቸው ከታች ይተኛሉ። ቃሉ ራሱ ከገጠር ቤት የመጣ ነው፤ ዕቃ የሚሰቀልበት፣ ዶሮ የሚያድርበት ቦታ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለው ተረት በቀበሌ ቤት ሌላ ትርጉም ሊሰጠው ይችል ነበር፤ ቤቱን ከልክ በላይ ያሻሻለ ተከራይ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ዓይን ውስጥ የገባ ደግሞ ያለውን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ማሻሻያው ወደ ውስጥ ሄደ። ውጪው ያዘመመና ቀለሙ የለቀቀ ሆኖ፣ ውስጡ ሊሾ የተደረገ፣ ኮርኒስ የተወጠረ፣ ግድግዳው ንጹሕ የሆነ ቤት በአዲስ አበባ የቆዩ ሰፈሮች ሁሉ የሚታወቅ ነው። በአሜሪካ የቤት ሻጭ ገንዘቡን በሩ ላይ ያውላል፤ የቀበሌ ተከራይ በሩን እንዳለ ይተወዋል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት እንደማይሸጥ እንደማይለወጥ አጸና፤ ሆኖም በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 7 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱም ሆነ በገንዘቡ መሬት ላይ ላቆመው ቋሚ ንብረትና ላደረገው ቋሚ መሻሻል ሙሉ መብት ሰጠ፤ መሸጥን፣ ማውረስንና ካሣ መጠየቅን ጨምሮ። በቃል ደረጃ ይህ ከአሜሪካው የግብር ሕግ የበለጠ ለጉልበት ክብር የሚሰጥ ድንጋጌ ነው። መሬቱ ዋጋ እንደሌለው ከተቆጠረ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በሕግ የሚሸጠው ማሻሻያው ብቻ ነው ማለት ነው። በተግባር ገበያው ቦታውን ‹ቤት› በሚል ስም ይሸጣል፤ አምስት ሺህ ብር የማያወጣ የጭቃ ቤት ቦታው ጥሩ ከሆነ በሚሊዮኖች የሚሸጠው በዚህ ምክንያት ነው። ጉልበት በሕግ ሁሉም ነገር፣ በገበያ ደግሞ ኢምንት ሆነ።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም መርሐ ግብር፣ አስቦበትም ይሁን ሳያስብበት፣ የሌቪትን ዘዴ ደገመው። ዕጣ የወጣለት ሰው የሚረከበው ፊኒሺንጉ ያላለቀ ቤት ነው፤ ወለሉን፣ ቀለሙን፣ የወጥ ቤቱን መደርደሪያ ራሱ ይጨርሳል። ከዋጋው 20 በመቶውን ቀድሞ ከፍሎ ቀሪውን ከንግድ ባንክ በሚበደርበት አሠራር ብዙ ሺህ ቤተሰቦች የመጀመሪያ ንብረታቸውን ያገኙት በዚህ መንገድ ነው። ልዩነቱ ሕጉ ቤቱ ለአምስት ዓመት እንዳይሸጥ መከልከሉ ነበር። ክልከላው አትራፊን ለመግታት የታሰበ ነው። ፊኒሺንጉን መጨረስ ያቃተው ደሀ ግን ወይ ሊያከራየው፣ ወይ በውክልና ስም በቅናሽ ሊሸጠው ይገደዳል፤ ሴራሚኩን የሚያነጥፈውና ትርፉን የሚያገኘው ገንዘብ ያለው ሌላ ሰው ይሆናል። ከሌቪታውን የተወሰደው ያልተጨረሰው ቤት ነው፤ ለመጨረሻ የሚሆነው አነስተኛ ብድር፣ የ1934ቱ 2,000 ዶላር፣ አብሮ አልመጣም።

የቀበሌ ቤቶችን ለተከራዮቻቸው ስለማስተላለፍ ሲነሣ አንድ የእንግሊዝ ልምድ ሊጠና ይገባዋል። የ1980ው የቤቶች ሕግ የማዘጋጃ ቤት ተከራዮች የሚኖሩበትን ቤት በቅናሽ እንዲገዙ መብት ሲሰጥ፣ ቅናሹ እንደ ቆዩበት ዘመን ከ33 እስከ 50 በመቶ ነበር። ከቅናሹ ይልቅ ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅመው ሌላው ድንጋጌ ነው፤ የቤቱ ዋጋ ሲገመት ተከራዩ ራሱ ያደረገው ማሻሻያ ከስሌቱ ይወጣል። በራሱ ወጪ ማሞቂያ ያስገባ ተከራይ ያንኑ ማሞቂያ መልሶ አይገዛም። ቤቱን የገዙ ሰዎች መጀመሪያ የሚያደርጉት የመግቢያውን በር መቀየር ስለነበር፣ በአንድ መንገድ ላይ ማን ገዝቶ ማን እንዳልገዛ ከበሩ ይታወቅ ነበር ይባላል። የሕጉ ሌላ ገጽ ያን ያህል አያስደስትም፤ የተሸጡትን የሚተካ ቤት በበቂ ስላልተሠራ የማዘጋጃ ቤቶቹ ክምችት ተመናመነ፣ ከተሸጡትም ብዙዎቹ ኋላ በግል አከራዮች እጅ ገቡ። አዲስ አበባ ሕጉን በሙሉ መቅዳት አይጠበቅባትም። ግምቱን የሚመለከተው አንቀጽ ግን ከቀሪው ተነጥሎ ሊወሰድ ይችላል፤ ወጪውም ትንሽ ነው።

እስካሁን የሚሠራው ስሌት የተገላቢጦሽ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የካሣ አዋጅ ቁጥር 455ም ሆነ እርሱን የተካው የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1161 ካሣ የሚያስቡት ለንብረቱ ባለቤት ነው። የመንግሥት ቤት ተከራይ የሚሰጠው ምትክ የቀበሌ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም የመግዛት ዕድል ነው፤ ያነጠፈው ወለል፣ የወጠረው ኮርኒስ፣ የሠራው ቆጥ በማንኛውም መዝገብ ላይ አይሰፍርም። ያለ ፈቃድ የተሠሩ ቤቶችን ሕጋዊ ለማድረግ ከተማዋ የተጠቀመችባቸው የ1988 እና የ1997 ዓ.ም. የአየር ፎቶግራፎችም ከላይ የተነሡ ናቸው፤ የሚያሳዩት ቆርቆሮውን ነው።

በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ፒያሳ ሲፈርስ፣ ለቀው የሚወጡ ነዋሪዎች የሚነቀለውን ሁሉ ነቅለው ጫኑ፤ በርና መስኮት፣ ቆርቆሮ፣ የቆጥ ጣውላ። ምርጊቱና ሊሾው አይነቀልም። ኮንዶሚኒየም ከደረሳቸው መካከል ቁልፋቸውን ተቀብለው ወደ ከተማዋ ዳርቻ የሄዱት፣ ፊኒሺንግ ከሌለው ክፍል ገብተው ከወለሉ እንደገና ጀመሩ።